የጌታው ደብተር ውስጥ ማን አለ? ስለ ድሩ ፋውስት ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራም ግሩፑ ሲዞር ነበር። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ስለ ድሩ ጊልፒን ፋውስት ነው። ለማታውቋቸው፣ ፋውስት የአሜሪካን ደቡብና የባርነትን ታሪክ ሲያጠኑ የኖሩ ምሁር ናቸው። ከ2007 እስከ 2018 ደግሞ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ቋንቋው ያምራል፣ ቁጣውም የእውነት ነው። ግን በዋናው ነገር ላይ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው «ልክ ነው!» እያለ ሼር ሲያደርገው ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የተባለውን እንደተባለ ላስቀምጥ። ሰው ያላለውን ብሏል ብሎ መመለስ ነውር ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ብለዋል። ፋውስት የባርነት ታሪክ ጸሐፊ ይባላሉ እንጂ የጻፉት ስለ ጌቶቹና ስለ እመቤቶቹ ነው፤ ራሳቸውም ከዚያው ወገን የተወለዱ ነጭ ናቸው፤ ባሪያ የነበረው ሰው በሥራቸው ውስጥ የለም፤ ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ የሃርቫርድን ወንበር ያገኙት ከሳቸው በፊት የነበረው ሰው ሴቶችን ስላስቀየመና ሴት ስለተፈለገ ነው ይላል። ሦስተኛ፣ ስለ ባርነት ያን ያህል እያወቁ ሥልጣን ላይ ወጥተው ዘጠኝ ዓመት ዝም አሉ፣ ተማሪ ሲጮህ አንድ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። አራተኛ፣ ቢሮው ምሁርነታቸውን በላው፣ ሲወጡም ቀጥ ብለው የባንክ ቦርድ ገቡ። አምስተኛ፣ ይሄ ሁሉ የእነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛን ሐበሾችን አይመለከተንም።

በተራ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፣ የቀሩት እሱን ተደግፈው ነው የቆሙት።

አዎ፣ ፋውስት ስለ ጌቶቹ ጽፈዋል። የተደበቀ ነገር አይደለም። በ1982 ያሳተሙት ትልቁ ሥራቸው የጄምስ ሄንሪ ሃሞንድ የሕይወት ታሪክ ነው። ሃሞንድ የሳውዝ ካሮላይና ገዥ፣ ኋላም ሴናተር የነበረ ሰው ነው። በ1858 ሴኔቱ ውስጥ ቆሞ «ጥጥ ንጉሥ ነው» ያለው እሱ ነው። በዚያው ንግግሩ፣ ማንኛውም ኅብረተሰብ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ቤቱን የሚሸከም ወገን ያስፈልገዋል፣ እኛ ደቡቦች ለዚህ የሚሆን ዘር አግኝተናል ብሎ በኩራት ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ዓመታት ማጥፋት ምን ይጠቅማል? የጸሐፊው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ተገቢ ጥያቄም ነው።

መልሱ ያለው ሃሞንድ ራሱ በተወው ወረቀት ላይ ነው። ይሄ ሰው ሁሉን ነገር ይጽፍ ነበር። በ1831 የሀብታም ልጅ አገባ። በጋብቻው ሲልቨር ብላፍ የሚባለውን የጥጥ እርሻ በባርነት ከተያዙ 147 ሰዎች ጋር ተረከበ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ ማን ሞተ፣ ማን ጠፍቶ ጫካ ገባ፣ ማን ተገረፈ፣ ደብተሩ ላይ አለ። እነዚያ ሰዎች ራሳቸው እንዳይጽፉ ተከልክለዋል። በሳውዝ ካሮላይና ከ1834 ጀምሮ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። እንግዲህ የእነሱ ነገር የት ይገኛል? አንዱ ትልቅ ቦታ እንደ ዕቃ የሚቆጥራቸው ሰው ደብተር ውስጥ ነው። የጌታውን ደብተር አላነብም ያለ ሰው እነሱንም እዚያው ትቷቸው ሄደ ማለት ነው።

ፋውስት ምን አወጡ? በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 78 ሰው መሞቱን። ሃሞንድ በዚህ ይጨነቅ ነበር፣ የሚቆጥረው ግን ኪሳራውን ነው። ሰዎቹ የራሳቸው የጸሎት ስብሰባ ነበራቸው። ሲልቨር ብላፍ ከጥንታዊዎቹ የጥቁር ባፕቲስት ማኅበሮች አንዱ የተመሠረተበት አካባቢ ነው። ሃሞንድ የብቻ ጸሎታቸውን ከለከለ። እነሱ ተደብቀው ቀጠሉ። በባህል መድኃኒት የሚያክሙትን ሊያጠፋ ሞከረ፣ አልቻለም። የሥራው ነገር ደግሞ የበለጠ ይገርማል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የቀን ድርሻ ይሰጠው ነበር። ድርሻውን ቶሎ የጨረሰ የቀረው ሰዓት የራሱ ነው፣ የጓሮ አትክልቱን ይኮተኩትበታል። ሃሞንድ ይሄን ሰርዞ ሁሉም በአንድ ላይ፣ በአለቃ ጩኸት፣ ከንጋት እስከ ማታ እንዲሠሩ አዘዘ። ሰዎቹ ለገሙ። ሥራው ዘገየ፣ ተበላሸ። ብዙ ታግሎ፣ ብዙ ገርፎ፣ በመጨረሻ ወደ ድሮው አሠራር ተመለሰ። በሺህ የሚቆጠር ሄክታርና ጅራፍ ያለው ሰው ምንም በሌላቸው ሰዎች ተሸነፈ፤ ይሄን የምናውቀው እሱው በእጁ ስለጻፈው ነው። እስከ 1855 ድረስ 53 ጊዜ ሰው ለማምለጥ መሞከሩንም ጽፏል።

ስለዚህ «ባሪያ የነበረው ሰው የለም» የሚለው አይሄድም። ጌታው እንቅልፍ ያጣው በነሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን በግሌ ያልተወኝ ነው። ሃሞንድ በ1839 ሳሊ የምትባል የ18 ዓመት ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዓመት ከሞላት ሴት ልጇ ከሉዊዛ ጋር በ900 ዶላር ገዛ። ሳሊን ዕቁባቱ አደረጋት። ሉዊዛ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት እሷንም እንዲሁ። ከሁለቱም ልጆች ተወለዱ። በ1856 ለትልቁ ልጁ ደብዳቤ ጻፈ። ስሞት፣ ይላል፣ ሉዊዛንም ሆነ ልጆቼን ወይም ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉትን ለባዕድ ባሪያ እንዲሆኑ አታድርግ፤ ቤተሰብ ውስጥ ባሪያ ሆነው መኖር በዚህ ምድር ላይ ለነሱ ከሁሉ የተሻለው ደስታ ነው። ደብዳቤውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ቁጣ የለበትም። ስድብ የለበትም። አንድ አባት ተጨንቆ ለልጁ ኑዛዜ ሲጽፍ ነው የሚመስለው። የሚናዘዘው ግን የገዛ ልጆቹ ባሪያ ሆነው እንዲቀሩ ነው። እኔ ባርነትን ሳስብ ጅራፍና ሰንሰለት ነበር የሚመጣብኝ። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ግን የሚመጣብኝ ይሄ ለስላሳ ድምፅ ነው። አንድ የተማረ፣ የሚጸልይ፣ ልጆቹን የሚወድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አድርጎ ደግነት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ? የፋውስት የዕድሜ ልክ ጥያቄ ይሄ ነው። በ1996 ያሳተሙት ሌላው መጽሐፍ ከ500 በላይ የደቡብ ሴቶች የጻፉትን ደብዳቤና ማስታወሻ ይዞ፣ ባሎቻቸው ጦርነት ሲዘምቱ ባሪያ የማዘዙ ነገር በእጃቸው የወደቀባቸው እመቤቶች ምን እንዳደረጉ ያሳያል። እዚያም ጥያቄው ያው ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ትክክል ነገር ብለዋል፣ እቀበላለሁ። እነዚህን መዛግብት እንደልብ የማንበብ ዕድል ለሁሉም እኩል አልነበረም። ታላቁ ጥቁር የታሪክ ምሁር ጆን ሆፕ ፍራንክሊን በ1939 ራሌይ በሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ቤተ መዛግብት ሲሄዱ፣ ከነጮቹ ጋር እንዳይቀመጡ ለብቻ ክፍል እስኪዘጋጅላቸው ጠብቁ ተብለዋል። እንዲህ ያለ ደጅ ጥናት ፋውስት ላይ አልደረሰም። ግን ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? በሩ የተከፈተለት ሰው ገብቶ ያየውን አይናገር ማለት ነው? እኔ እንደማስበው በሩ የተከፈተለት ሰው የበለጠ ዕዳ አለበት። ፋውስት ደግሞ ዕዳውን ከፍለዋል።

«ከዚያው ወገን የተወለዱ» የሚለው እውነት ነው። እንደውም ጸሐፊው ካሉት በላይ እውነት ነው። ፋውስት ያደጉት ክላርክ ካውንቲ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ አባታቸው ፈረስ አርቢ ነበሩ። እኛ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ያለን የአሌክሳንድሪያና የፌርፋክስ ሰዎች ቦታውን እናውቀዋለን። ሩት 50ን ይዘህ ወደ ምዕራብ ስትነዳ ሚድልበርግን ታልፋለህ፣ ተራራውን ትወጣለህ፣ ሸናንዶዋ ወንዝን ስትሻገር እዚያ ነህ። በመስከረምና በጥቅምት ልጆቻችንን ይዘን ፖም ለቀማ የምንሄድበት አካባቢ ነው። የዚያው ካውንቲ ሰው ሴናተር ሃሪ ቢርድም የታወቀ የፖም አምራች ነበር። በሌላም ይታወቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገወጥ ነው ሲል፣ በ1956 ቨርጂኒያ በሙሉ ኃይሏ እንድትቃወም ጥሪ ያቀረበው እሱ ነው። በ1958 መስከረም ላይ ጥቁር ልጆች ከሚገቡ ብለው የፍሮንት ሮያልን፣ የቻርሎትስቪልንና የኖርፎክን ትምህርት ቤቶች ዘጉ። ፕሪንስ ኤድዋርድ የሚባለው ካውንቲ ደግሞ ከ1959 እስከ 1964 የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ዘግቶ ቆየ። ልጄ አራተኛ ክፍል እያለች የቨርጂኒያ ታሪክ የቤት ሥራዋን አብሬያት ስሠራ፣ «አባዬ፣ አምስት ዓመት ሙሉ? ታዲያ ልጆቹ የት ሄዱ?» አለችኝ። ብዙዎቹ የትም አልሄዱም። ሳይማሩ ቀሩ።

እንግዲህ ፋውስት የዚያ ጊዜና የዚያ ሰፈር ልጅ ናቸው። በ1957 አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የቢርድ ጎረቤት፣ ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ደብዳቤ ጻፈች። ዕድሜዬ ዘጠኝ ነው፣ ነጭ ነኝ፣ ግን ስለ መለያየቱ ብዙ ስሜት አለኝ ትላለች። ፊቴን ጥቁር ብቀባ እኮ ትምህርት ቤት አያስገቡኝም ትላለች። ማንም አላዘዛትም። ደብዳቤው ዛሬም በአይዘንሃወር ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ያቺው ልጅ በመጋቢት 1965፣ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ላይ፣ ፈተናዋን ትታ ሴልማ፣ አላባማ ሄደች። ከቀናት በፊት ፖሊሶች ለጥቁሮች የመምረጥ መብት የወጡ ሰልፈኞችን እዚያ ድልድይ ላይ በዱላ ጨፍጭፈው ነበር። ሰልፉን ከፊት ሆኖ የመራው የ25 ዓመቱ ጆን ሉዊስ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። ስሙን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ይሄኛው ብዙ አይፈጅብኝም። ከፋውስት በፊት የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ላሪ ሰመርስ በጥር 2005 ሴቶች በሳይንስ ያነሱት በተፈጥሮ ችሎታም ሊሆን ይችላል የሚል ንግግር አድርገው ግርግር ተነሣ፣ የኪነ ጥበብና ሳይንስ ፋኩልቲው እምነት የለንም ብሎ ድምፅ ሰጠባቸው፣ በ2006 ለቀቁ። ፋውስት ቀጥለው የመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናቸው። የዚያ ነገር ጥላ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ግን ጸሐፊው ያለፉት ነገር አለ። ፋውስት በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ 25 ዓመት አስተምረዋል። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የድሮውን የራድክሊፍ የሴቶች ኮሌጅ ወደ ምርምር ተቋም የለወጡ የመጀመሪያዋ ዲን ነበሩ። ይሄ ሥራ ሰው ማሰናበትም፣ በጀት መቁረጥም፣ የተቆጣ የቀድሞ ተማሪ ማባበልም ያለበት ነው። እንደውም ዕድል ያጠብባቸው የነበረ ሌላ ነገር ነበር፤ ከ1672 ወዲህ የሃርቫርድ ዲግሪ ሳይኖረው ሃርቫርድን የመራ ሰው አልነበረም። እሳቸው ናቸው የመጀመሪያው።

ስጦታ ነበር ከተባለም ከባድ ስጦታ ነው። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት የገንዘብ ቀውሱ መጣ። የዩኒቨርሲቲው ቋሚ ሀብት ከ36.9 ቢሊዮን ዶላር ወደ 26 ቢሊዮን ወረደ። ግንባታ ቆመ፣ ሰው ተቀነሰ። ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ትምህርቱ ነጻ የሚሆንበት አሠራር ግን አልተነካም፤ በኋላም የገቢው ጣሪያ ከ60 ሺህ ወደ 65 ሺህ ከፍ አለ። ፕሬዚዳንት በተባሉበት ጊዜ «እኔ የሃርቫርድ ሴት ፕሬዚዳንት አይደለሁም፣ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ነኝ» ብለዋል። እናታቸው በልጅነታቸው «የወንዶች ዓለም ነው ልጄ፣ ይሄን ቶሎ ብታውቂው ይሻልሻል» ይሏቸው እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ጸሐፊውም ሳያውቁት ያንኑ የእናትየዋን ነገር የደገሙ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሰሌዳው። ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ክፍል ይሄ ነው። ጊዜውን በተመለከተ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ዘግይቷል። የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሩት ሲመንስ የዩኒቨርሲቲውን የባርነት ታሪክ የሚያጣራ ኮሚቴ ያቋቋሙት በ2003 ነው፣ ሪፖርቱም በ2006 ወጥቷል። ይሄ ፋውስት ሃርቫርድን ከመያዛቸው በፊት ነው። ማንም የባርነት ታሪክ ምሁር ይሄን ሳያውቅ አይቀርም። ሃርቫርድ ውስጥም የታሪክ ፕሮፌሰሩ ስቨን ቤከርት ከተማሪዎቻቸው ጋር ከ2007 ጀምረው ሲያጠኑ ቆይተው በ2011 አንዲት ቡክሌት አሳትመዋል። ከዚያ እስከ 2016 አምስት ዓመት አለ። ለዚህ ጥሩ ማብራሪያ አላገኘሁም፣ ላበጅላቸውም አልፈልግም። የሕግ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችም በ2015 መጮኻቸው እውነት ነው። የትምህርት ቤቱ ዓርማ አንቲጓ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ላይ በባሪያ ጉልበት የከበረ፣ ሮያል የሚባል ቤተሰብ ዓርማ ነበር፤ በመጋቢት 2016 ተነሣ።

«አንድ ሰሌዳ ሰቀሉ» የሚለው ግን ትክክል አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለሰርግ ቦስተን ሄጄ ነበር። በማግስቱ ካምብሪጅ ተሻገርኩና ቤቱን ፈለግኩት። ዋድስወርዝ ሃውስ ይባላል። በ1726 የተሠራ ቢጫ የእንጨት ቤት ነው፣ ከትልቁ መንገድ ዳር። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንቶች ከመቶ ዓመት በላይ ኖረውበታል። ግድግዳው ላይ አራት ስም አለ። ታይተስና ቪነስ፣ የፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ዋድስወርዝ ባሪያዎች የነበሩ። ቢልሃና ጁባ፣ ቀጥሎ የመጣው የፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ሆልዮክ። የአባት ስም የላቸውም። መንገዱ ላይ ቱሪስቱ ይተራመሳል፣ አውቶቡስ ያልፋል፣ አንድ ተማሪ ቡናውን ይዞ ሳያየው አለፈ። እኔ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የነዚህ ሰዎች ጌቶች በፋውስት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ፋውስት ስም ዝርዝሩን ሌላ ሰው ላይ ወይም ደቡብ ላይ መለጠፍ ይችሉ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት እሱን ነው። እሳቸው ግን ከራሳቸው ቢሮ ጀመሩ። በዚያው ሰሞን በተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ፣ ሃርቫርድ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባርነት በማሳቹሴትስ እስካበቃበት እስከ 1783 ድረስ በቀጥታ ተባባሪ ነበር ብለው ጻፉ። በቀጥታ ነው ያሉት። በዚያን ጊዜ ብዙ የሰሜን ሰው ባርነትን የደቡብ ኃጢአት አድርጎ ነበር የሚያስበው።

ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ሰሌዳው ሲገለጥ ከጎናቸው የቆመው ማን ነው? ጆን ሉዊስ። ያ ሴልማ ላይ የተፈነከተው ወጣት፣ አሁን የምክር ቤት አባል፣ የ76 ዓመት ሽማግሌ። ሁለቱም በ1965 በዚያች ከተማ መንገድ ላይ ነበሩ፣ አንዱ ደሙ ፈሶ፣ አንዷ ፈተና ትታ። ይሄን ሁለት ሰው አጠገብ ለአጠገብ አይቶ «ለታይታ ነው» ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ከሰሌዳው በኋላም አልቆመም። በመጋቢት 2017 ዩኒቨርሲቲዎችና ባርነት የሚል ትልቅ ጉባኤ ተጠርቶ ሃርቫርድ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም ገመናቸውን አወጡ። በመስከረም 2017 የሕግ ትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ፣ ጉልበታቸው ላመጣው ሀብት መታሰቢያ ለባሪያዎቹ ድንጋይ ቆመ። እሱ ላይ ስም የለም፤ የሮያል ባሪያዎች ብዙ ናቸው። በሚያዝያ 2022 የወጣው የሃርቫርድ ሪፖርት የዩኒቨርሲቲው አመራሮች፣ መምህራንና ሠራተኞች ከ70 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዘው እንደነበር ቆጠረ፤ ዩኒቨርሲቲው 100 ሚሊዮን ዶላር መደበ። እውነት ነው፣ ይሄ የሆነው ፋውስት ከለቀቁ በኋላ በተተኪያቸው ጊዜ ነው፣ ምስጋናው የሌሎች ነው። ጥናቱ የተመራው ግን ከራድክሊፍ ነው፤ ፋውስት ዲን ሆነው ካቆሙት ተቋም። አራቱ ስሞች ባይቀድሙ ኖሮ ሰባው ይቆጠር ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም።

ስለ ዓርማውም አንድ ቃል። ጸሐፊው «ዓርማውን መፋቅ ታሪክን መደበቅ ነው» ብለዋል። ይሄን ያሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። የቶማስ ጄፈርሰንን ባሪያዎች ቤተሰብ ታሪክ የጻፉት ጥቁሯ ምሁር አኔት ጎርደን ሪድ የዓርማውን ጉዳይ ያጠናው ኮሚቴ አባል ሆነው ዓርማው ይቆይ፣ ሰው ባየው ቁጥር ባሪያዎቹን ያስታውስ ብለው ተለይተው ጽፈዋል። ከባድ ክርክር ነው። እኔ በዚህ ላይ ወደ ጎርደን ሪድ አደላለሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ጸሐፊውና እኔ አንጣላም።

አራተኛውን በአጭሩ። የባንኩ ቦርድ ነገር እውነት ነው፤ በ2018 ከሃርቫርድ እንደወጡ ጎልድማን ሳክስ ቦርድ ገቡ። እኔንም አላስደሰተኝም። «ቢሮው ምሁርነታቸውን በላው» የሚለው ግን አይሆንም። የእርስ በርስ ጦርነቱ 620 ሺህ ሬሳ ምን እንዳደረገ የሚተርከው መጽሐፋቸው የወጣው በጥር 2008 ነው፣ ፕሬዚዳንት ሆነው ስድስት ወር ሲሞላቸው። በቀጣዩ ዓመት የታሪክ መጽሐፍ ትልቁን ሽልማት፣ ባንክሮፍትን፣ አገኘ። ቢሮውን ሲለቁም ወደ ክፍል ነው የተመለሱት። ተማሪዎቻቸው የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ እንደማይችሉ ያወቁት እዚያ ነው፤ አብዛኞቹ ተያይዞ የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አልተማሩም። በዚህም ላይ በ2022 ጽፈዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የሃሞንድን ደብዳቤ ነገ ማን ያነበዋል? በ2023 ደግሞ የራሳቸውን የልጅነት ታሪክ ጻፉ፣ ያንን የክላርክ ካውንቲ ቤት፣ ማን በየትኛው በር ይገባ እንደነበር ሳይቀር።

የቀረኝ «እኛን አይመለከተንም» የሚለው ነው። ብዙ ኮመንት ያገኘውም እሱ ነው። «የነጭና የጥቁር ጣጣ ነው፣ እኛ ቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ ነን» ዓይነት።

አሌክሳንድሪያ ለምንኖር፣ ዱክ ስትሪት 1315 ላይ አንድ የጡብ ቤት አለ። ከ1828 እስከ 1836 ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ የባሪያ ነጋዴዎች ቢሮና ማጎሪያ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዚያ ወደ ናቸዝና ኒው ኦርሊንስ ተነድተዋል። ዛሬ ሙዚየም ነው። በዚያ መንገድ በየቀኑ እንነዳለን፣ እንሠራለን፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እናመጣለን። ልጆቻችን በዚህ አገር ጥቁር ናቸው። ይሄ ብቻ ይበቃ ነበር።

ግን ሌላም አለ፤ እሱን ለመጻፍ ነው ይሄን ሁሉ የተቀመጥኩት። እኛም ባርነት ነበረን። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር ስትገባ ትልቁ ክርክር እሱ ነበር። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፣ በእኛ 1934። የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። ቃሉ ዛሬም ለስድብ ከአፋችን አልወጣም። የተሸጡት ሰዎች እንዳይጽፉ ሆነዋል፤ የጻፈው ካለ ጌታው ነው፣ ኑዛዜው ላይ፣ የርስት ወረቀቱ ላይ። ያንን ወረቀት ሳጥን ውስጥ የያዘው ማን ነው? የጌቶቹ የልጅ ልጆች። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ክላርክ ካውንቲ አድጎ ሳጥኑን የከፈተ ሰው ለእኔ ሩቅ አይደለም።

አያቴ ቤት አንዲት ሴት ነበረች። ልጅ ሆኜ አስታውሳታለሁ፣ በጣም አርጅታ ነበር። ጓዳ ውስጥ ትተኛለች። እንጀራ ጋግራ መጨረሻ ላይ ነው የምትበላው። «የቤታችን ሰው ናት» ነበር የሚሉን። ቤተሰብ ውስጥ መኖር ለነሱ ከሁሉ የተሻለው ደስታ ነው ያለው የሃሞንድ ደብዳቤ ጋ ስደርስ የመጣችብኝ እሷ ናት። በእኛ ቤት በሷ ነገር ክፉ ቃል አይነገርም ነበር። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ።

ካምብሪጅ ያንን ሰሌዳ ካየሁ በኋላ ማታ ሆቴል ሆኜ አዲስ አበባ ለትልቋ አክስቴ ደወልኩ። እንዴት ነሽ እትዬ፣ ሰርጉ ደህና አለፈ፣ ምናምን ከተባባልን በኋላ ስለዚያች ሴት ጠየቅኳት። ስሟን ወዲያው ነገረችኝ። እኔም የማውቀው ስም ነው፣ ጌቶቿ ያወጡላት። የአባቷን ስም ስጠይቃት ዝም አለች። ቆየት ብላ «እኔ እንጃ ልጄ፣ ማንም ጠይቆ አያውቅም» አለችኝ። ከየት እንደመጣችም አታውቅም፣ ብቻ ትንሽ ልጅ ሆና በበቅሎ ነው ያመጧት ሲባል ሰምታለች። አሁን ደብረ ብርሃን ያሉትን የአባቴን አጎት እንድትጠይቅልኝ ለምኛታለሁ። ዘጠና አልፏቸዋል።